ለሮዜር መንገድ የተመረጠው ምላጭ

የሮዜር ቦት ጫማ ከየካቲት ጀምሮ ከበሩ ሥር አልተነሳም። አልፌና ወለሉን ስትጠርግ ወደ ጎን ታደርገውና መልሳ እዚያው ቦታው ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ ታስቀምጠዋለች። ልጇ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ አሁንስ አንሺው» ትላታለች። እሷም «አባትሽ ገና አልተቀበረም። ያልተቀበረ ሰው ጫማ አይነሳም» ትልና ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ ትወስደዋለች።

እውነቷን ነበር፣ ሮዜር አልተቀበረም። የቅዱስ ዮሐንስ ወንዝ የአሜሪካዋን ሜይን ከካናዳ በሚለይበት በዚያ የድንች አገር፣ በበረዶው ወራት የሞተ ሰው ተራውን ይጠብቃል። መሬቱ እስከ ደረት ድረስ ስለሚጠጥር ዶማ አይበሳውም። ሬሳው ከቅድስት ኦዲል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው የድንጋይ ቤት ይቆይና ግንቦት ሲመጣ፣ አፈሩ ሲለሰልስ፣ የበረዶው ወራት ሙታን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ይቀበራሉ። ዘንድሮ አራት ነበሩ። ሮዜር በየካቲት መጨረሻ፣ ምድጃው ውስጥ እንጨት ሊጨምር ጎንበስ እንዳለ ሄደ፤ ከአራቱ የመጨረሻው እሱ ነው። አልፌና የድንጋይዋ ቤት በር ሲዘጋ እጇን በሩ ላይ አድርጋ «በግንቦት አወጣሃለሁ» ብላው ነበር። ሌላ ማንም አልሰማም።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወደ መቃብሩ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን በረዶው ሲቀልጥ የመንገዱ ሥጋ፣ ጠጠሩ ሁሉ፣ ወደ ቦዩ ታጥቦ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። የማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ መኪና በሁለቱ የድንጋይ ምሰሶዎች መሃል አያልፍም። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሮዜር ነበር ያን መንገድ የሚያበጀው፤ በዚያች ቀለሟ በለቀቀ ትንሽ ትራክተሩ፣ ከኋላዋ ምላጭ የሚሉትን ሰፊ የብረት መጥረጊያ አስሮ፣ ቦይ የገባውን ጠጠር እየጎተተ ወደ መሃል ይመልሰዋል። አልፌና ደግሞ ባለጥርስ መቧጠጫዋን ይዛ ከኋላው ትከተላለች። ምላጩ ሲያልፍ በአንድ ወገን ረጅም የጠጠር ክምር ይተዋል፤ እሷ ያንን በመቧጠጫ እየበተነች ታስተካክላለች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። እሱ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ያያል፤ ምላጩን ይሁን እሷን፣ ጠይቃው አታውቅም።

አምና ግንቦት ላይ ግን ትከሻዋ እምቢ አላት። ማታ እሱ ቅባት እያሸላት «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኔ በቃኝ» አለችው። እሱም «እሺ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያቺ «በቃኝ» አሁን ክፉኛ ትቆጫታለች። በኅዳር፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ቀን፣ ሮዜር ብቻውን መንገዱን ሊጠርግ ወጥቶ በረዶ የሸፈነው ድንጋይ ላይ ወጣ። አሮጌው ምላጭ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ፣ ተሸካሚ ብረቱም ተሰነጠቀ። አይበየድም፣ አይቀናም። «ለጸደይ ሌላ እንገዛለን» አለ። ጸደዩን ሳያይ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ኦሜር ወደ ጎን ወሰዷት። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። የቀብር መኪናው ባለፈው ሐሙስ ለሙከራ ወጥቶ እመንገድ አጋማሽ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ነገሯት። መንገዱ እስከ አርብ ካልተበጀ ቀብሩ ወደ ሰኔ መጨረሻ መሻገሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለ ማሽን አይገኝም። አልፌና ሳታስበው «አርብ ማታ መንገዱ ይደርሳል» አለች። መነጽራቸውን እንደገና ጠረጉ። ምላጭ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል።

ሰኞ ጠዋት የሮዜር ታላቅ ወንድም ክሎቪስ በጭነት መኪናው መጣ። ክሎቪስ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ መቶ ሄክታር ድንች የሚያለማ፣ ቤት የሚያክሉ ትራክተሮች ያሉት፣ ድምፁ ከሞተር በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ወንድሙን በትንሿ ትራክተሩ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍበት ኖሯል፤ «ይህቺን የሣር ማጨጃህን ደብቅ፣ ዶሮዎቼ ይረግጧታል» ይለው ነበር። ከየካቲት ወዲህ ግን ቀልዱ ሁሉ መሃል ላይ እየተሰበረ ይቀርበታል። 

አብረው ሌዎንስ ግቢ ሄዱ። ሌዎንስ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥ፣ እጁ ከግሪስ ጠርቶ የማያውቅ፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ሣሩ ላይ ሦስት ምላጮች ተደርድረው ነበር። አንደኛው ቀጭን፣ የድሮውን የመሰለ። ሁለተኛው ወፍራምና ከሱ ትንሽ ሰፋ ያለ። ሦስተኛው ለትልቅ ትራክተር የተሠራ፣ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ክብደቱ ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ። ዝናቡ ዘር ስላስተጓጎለ ሥራ የፈቱ ሦስት አራት ገበሬዎች እዚያው ቆመው ነበር፤ ወዲያው ጉባኤ ሆነ። ስለ ብረቱ ውፍረት ተነጋገሩ፣ ስለ ብየዳው፣ ስለ ጠርዙ። አንዱ በቦት ጫማው ትልቁን መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ፣ እንደ ሐብሐብ። ድንች አብቃይ ሰው ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ ይክበድ።

ክሎቪስ ፈረደ። «የሮዜር ምላጭ የታጠፈው ቀጭን ስለሆነ ነው። ይኼ ትልቁ እንኳን ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ቢመታም አይታጠፍም።»

ሌዎንስ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ክሎቪስ ግን ሰንሰለት እንዲያመጣ አዘዘው። አልፌና ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላ የሄደች እንጂ መሪ ላይ የተቀመጠች አይደለችም፤ እነዚህ ሁሉ ወንዶች ከሷ ይልቅ ያውቃሉ ብላ አሰበች። ትልቁ ተጫነ።

ማክሰኞ ጠዋት ወጣች። ትራክተሯን መንዳት ትችላለች፤ እንጨት ጎትታባታለች፣ በረዶ ገፍታባታለች። በሜዳው ላይ ሁሉም ደህና ነበር። በድንጋይ ምሰሶዎቹ መሃል አልፋ፣ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ምላጩን አነሳችና መውጣት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች መሪው በድንገት ቀለላት። ወደ ግራ ጠመዘዘችው፤ ትራክተሯ ወደ ግራ አልሄደችም። ወደ ታች ብታይ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ የሉም። ኋላ የተንጠለጠለው አራት ኩንታል ብረት አፍንጫዋን ልጓሙ እንደተሳበ ፈረስ ወደ ሰማይ አነሳው፤ ቦዩ በቀኟ እየቀረበ ነው። እንዴት እንደሆነ አታስታውስም፣ ምላጩን ለቀቀችው። ዱብ ሲል ጎማዎቹም ዱብ አሉ። ሞተሩን አጥፍታ ወርዳ ጎማዎቹን አየች። ከዚያ ምላጩን መሬት ለመሬት እየገፋች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ወረደች።

ክሎቪስ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር፤ አፉ ግን አሁንም አፉ ነው። «ቀላል ነው» አላት። «አፍንጫዋ ላይ አራት ጆንያ ድንች እናስርላታለን፤ ትቀመጣለች።»

«ምን ልቀብር ነው የምወጣው፣ ድንች ነው ባሌን?» አለችው።

ክሎቪስ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። ዝናብ ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ አላባራም። ለአርብ ሦስት ቀን ቀራት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎተራው ደጃፍ ላይ ቆማ ትራክተሯ በጭቃው ላይ የተወችውን የጎማ ፈለግ ስታይ ቆየች። ሁለት ጥልቅ መስመር፣ በመሃሉ ያልተነካ መሬት። ይህንን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ወንዶቹ ሁሉ ምላጩን ከፊት ነው ያዩት፣ ምን ያህል ይገፋል፣ ምን ያህል ይችላል እያሉ። እሷ ያየችው ከኋላ ነው፤ ምን ትቶ እንደሚሄድ። ሮዜር ምላጩን ቀጥ አድርጎ አይጎትትም ነበር፤ ሁልጊዜ ምላጩን በሚያዞረው ብረት ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ሦስተኛው ውስጥ ማሰሪያ ፒኑን ከትቶ ሰያፍ ያደርገዋል፣ ጠጠሩ እየተንሸራተተ ወደ መንገዱ መሃል እንዲሄድ። ሰያፍ ሲሆን ግን ምላጩ ይጠባል። ጫፉ የጎማውን ፈለግ ውጪኛ ጠርዝ ሳይደርስ ይቀራል። ያ ክምር፣ ትከሻዋን የበላው ያ ክምር፣ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው፤ እሷ ካልበተነችው በሚቀጥለው ዙር ጎማው ይወጣበታል፣ ትራክተሯ ትጋደላለች፣ ምላጩም ይጋደላል፣ መንገዱ ሞገድ ይሆናል። ይህንን በቃል ተናግራው አታውቅም። ትከሻዋ ነው የሚያውቀው።

መቧጠጫዋን ከግድግዳው አወረደች። እጀታውን በሁለቱ የጎማ ፈለጎች ላይ አግድም አስተኝታ፣ ከውጪው ጠርዝ እስከ ውጪው ጠርዝ ለካች፤ ማለቂያው ላይ ሰማያዊ ሲባጎ አሰረችበት።

ረቡዕ ብቻዋን፣ ትልቁን ምላጭ በጎረቤት መኪና አስጭና፣ መቧጠጫውን ጎኗ አስቀምጣ ሌዎንስ ግቢ ገባች።

ሌዎንስ መጀመሪያ ያየው መቧጠጫውን ነው። «አክስቴ፣ ምን ሆነ? ጥርሱ ወለቀ እንዴ?»

«ጥርሱ ደህና ነው። የመጣሁት በእጀታው ነው።»

ትልቁን ለምን እንደመለሰች ጥቂት ቃል ነገረችው። ሌዎንስ አንገቱን ደፋ። ቀጭኑን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ እንዲያዞርላት ጠየቀችው። አዞረው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ሳይሆን፣ ትራክተር ሲጎትተው የሚሸፍነውን ያህል በእጀታው ለካች። ሲባጎው ከምላጩ ጫፍ ስንዝር ያህል ወጥቶ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቧጠጠችው ያንን ስንዝር ነበር። ቀና ብላ መካከለኛውን አሳየችው። እሱንም አዞረላት፤ ወፍራም ነው፣ ጀርባው በሁለት ብረት የተደገፈ፣ ክብደቱ ሁለት ኩንታል ቢሞላ ነው። እጀታውን አስተኛች። ምላጩ ሲባጎውን በሁለት ጣት አልፎት ሄደ።

«የፊት ጎማዎቹን ያነሳብኛል?»

«አያነሳም። እንደሷ ላለች ትራክተር ከዚህ የሚከብድ አያስፈልግም።»

«እና ሰኞ ለምን አልነገርከኝም?»

«አጎቴ ክሎቪስ ቆሞ ማን ይናገራል?» አለ ሌዎንስ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ጨርቁ ከእጁ ይልቅ የቆሸሸ ነበር። «ሌላም ነገር አለ። ልንገርዎት አልንገርዎት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የሰነበትኩት።»



ከስድስት ዓመት በፊት ሮዜር ይህን የመሰለ ምላጭ ሊገዛ መጥቶ እንደነበር ነገራት። እሱም ልክ እንደሷ አዙሮ ለካው፤ ልክ ሆኖ አገኘው። ሰንሰለት ሊያስሩ ሲሉ ተወው። ሌዎንስ ምን እንዳስቀየረው ጠየቀ። ሮዜር በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ «ይኼ ከተሰቀለ የሚቧጠጥ አይኖርም። የሚቧጠጥ ከሌለ አልፌና ቤቷ ትቀራለች። ያን ዳገት ብቻዬን ምን ልሠራ እወጣለሁ?»

አልፌና ምላጩ ላይ ቁጭ አለች። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

«ቀጣፊ» አለች በመጨረሻ። «በየዓመቱ ትከሻዬን በቅባት ሲያሽ፣ ምስኪን ምስኪን እያለ።» ድምጿ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሌዎንስ አልለየውም። «እኔ ደግሞ እየረዳሁት መስሎኝ።»

«በኅዳር ተመልሶ መጥቷል» አለ ሌዎንስ ቶሎ ብሎ፣ ነገሩን እዚያ ላይ መተው የፈራ ይመስል። «አሮጌው ከታጠፈ በኋላ። ‹የአልፌና ትከሻ ከዚህ በላይ አይችልም፣ ይኼን ለጸደይ አቆይልኝ› አለኝ። ሁለት ሰው ጠይቆኛል፣ አልሸጥኩትም። ለእርስዎ እንዴት ብሎ እንደሚነግርዎት ነበር የጨነቀው፤ ስድስት ዓመት መደበቁ እንዳይታወቅበት።»

ምላጩን በእጇ መዳፍ ዳሰሰችው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ከብት ጀርባ። አምና «በቃኝ» ስትለው ሌላ ቃል ያልጨመረው ተቀይሟት አልነበረም ማለት ነው። «እሺ» ሲል በእውነት እሺ ማለቱ ነበር።

«ጫንልኝ» አለች።

ሐሙስ ዝናቡ አባራ፤ መሬቱ እስኪጠነክር ታገሰች። አርብ ጠዋት የቅዳሴ ደወል ሳይደወል ከጎተራው ወጣች። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ምላጩን አነሳች። የፊት ጎማዎቹ መሬታቸውን አለቀቁም። መሪው ከበዳት፤ ክብደቱ ደስ አላት።

ክሎቪስ የድንጋይ ምሰሶው ላይ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። የዘር ሥራውን ለሠራተኞቹ ትቶ፣ አሮጌ መቧጠጫ ትከሻው ላይ ጥሎ መጥቷል። ስለ ትልቁ ምላጭ አልተናገረም፣ እሷም አላነሳችበትም። «ከኋላ የሚሄድ ሰው ያስፈልግሻል» ብቻ አለ።

ፒኑን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ከትታ ጀመረች። በመጀመሪያው ዙር ቦይ የገባው ጠጠር እያጉረመረመ ወጣ፤ በሁለተኛው የጎማ ጉድጓዶቹ ተደፈኑ፤ በአራተኛው መንገዱ ጀርባ አወጣ፣ ውሃ ወደ ግራና ቀኝ የሚያወርድ፣ ሮዜር እንደሚወደው። እንደሱ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ታይ ነበር። ክሎቪስ መቧጠጫውን ይዞ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይከተላታል። አንዳንዴ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ ይወረውራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መቧጠጫውን እንደ ከዘራ ነበር የሚደገፈው።

ስድስተኛው ዙር ላይ ጮክ ብሎ «አንቺ፣ ሥራ አስፈታሽኝ እኮ» አላት። «ምን ልቧጥጥ? ሳልሠራ ምሳ ልትጋብዢኝ ነው?»

«ዳቦህን በላብህ ብላ» አለችው በሞተሩ ድምፅ ላይ።

ቀትር አለፍ ሲል ሊያልቅ ሆነ። የቀረው ከላይ፣ ከጥድ ዛፎቹ ለሮዜር እስከተቆፈረው ጉድጓድ ድረስ ያለው ነው፤ ሃያ ሜትር አይሆንም። ጉድጓዱ ትናንት ተቆፍሯል፣ በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኗል። አልፌና ትራክተሯን አቁማ ወረደች። ፒኑን ነቀለች። ከሦስተኛው ቀዳዳ አንስታ አምስተኛው ላይ፣ ምላጩ በጣም ሰያፍ በሚሆንበት ላይ፣ ከተተችው።

ክሎቪስ ቀረብ ብሎ አየ። ሕይወቱን በሙሉ መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ምን እንደሚሆን ገብቶታል። «እንዲህ ከሆነ ይጠብብሻል» አላት። «ጠጠሩ የጎማው ፈለግ ላይ ይፈስሳል።»

«አውቃለሁ።»

ወጣችና ያቺን ሃያ ሜትር ቀስ ብላ ነዳች። ጠጠሩ እየተንሸራተተ በአንድ ወገን፣ ልክ የጎማው ፈለግ ላይ፣ ረጅም ቀጭን ክምር ሆኖ ተኛ። እንደ ድሮው። ሸራው አጠገብ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች። ወንዙ ከሩቅ ተሰማ።

ተመልሳ ወርዳ እጇን ወደ ክሎቪስ ዘረጋች። መቧጠጫውን ሰጣት። ባርኔጣውን አውልቆ ከጥዱ ሥር ሄዶ ቆመ።

አልፌና ከክምሩ ጫፍ ጀመረች። አንድ እርምጃ፣ መሳብ፣ መበተን፣ በጥርሱ ጀርባ ማለስለስ። ትከሻዋ ወዲያው አወቀው። ቶሎ አልጨረሰችም፤ በየጥቂቱ ቀና እያለች፣ ባዶውን የትራክተር ወንበር እያየች፣ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ቧጠጠች። እዚያ ስትደርስ በመንገዱ ላይ የቀረ አንዲት የጎማ መስመር አልነበረም።

ማታ ቤቷ ገብታ የሮዜርን ቦት ጫማ አነሳች። ጭቃውን በቢላዋ ጀርባ ፋቀችለት፣ ቀለም ቀባችው፣ ወረቀት ጠቀጠቀችበት። የክሎቪስ እግር ያው የወንድሙ ልክ ነው። ነገ ከቀብሩ በኋላ ትሰጠዋለች።